ስፓምን ከበር መመለስ፦ ስለ ዲኤንኤስ ብላክሊስት በደብረ ብርሃን የተደረገ ንግግር

እንደምን አረፈዳችሁ። በደብረ ብርሃን ብርድ በጠዋት ከቤት ወጥቶ ስለ ሜይል ሰርቨር ለመስማት መምጣት ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

ዛሬ የማወራው የራሱ ሜይል ሰርቨር ላለው ሰው ነው። እርግጥ ብዙው መሥሪያ ቤታችን የሚጻጻፈው በጂሜይልና በያሁ ነው። እዚያ ስፓም፣ ማለትም ያልተፈለገ ኢሜይል፣ የማጣራቱ ጣጣ የጎግልና የያሁ ነው። በራሱ ስም ዶሜይን አውጥቶ፣ ፖስትፊክስ ወይም ኤግዚም የተባለውን የሜይል ሰርቨር ሶፍትዌር ጭኖ የሚሠራ ኮሌጅ፣ ፋብሪካ ወይም ዩኒየን ካለ ግን ጣጣው የአይቲ ክፍሉ ነው። አይቲ ክፍል ስል ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ማለቴ ነው። ያው ሰው ፕሪንተርም ይጠግናል፣ ኬብልም ይስባል፣ የሥራ አስኪያጁን ስልክም ያስተካክላል።

ፖርት 25፣ ማለትም ሰርቨሮች ኢሜይል የሚቀባበሉበት በር፣ ለዓለም ከተከፈተ በኋላ ማንኳኳቱ አይቆምም። ሐሰተኛ ፕሮፎርማ ይመጣል። «የኢሜይል ኮታዎ ስለሞላ ፓስወርድዎን እዚህ ያስገቡ» የሚል ይመጣል። ማንም ያላዘዘው ዕቃ ደረሰኝ ይመጣል። ይህን ሁሉ ተቀብሎ፣ ከፍቶ፣ ቃል በቃል መርምሮ ማጣራት ይቻላል። ግን ሲፒዩ ይበላል፣ ባንድዊድዝ ይበላል። ባንድዊድዝ ደግሞ በገንዘብ ነው።

ሌላው መንገድ ከበር መመለስ ነው። ከዚህ ወረድ ብሎ፣ ከአንኮበር ሥር፣ አሊዩ አምባ አለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከባሕር ጠረፍ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ ወደ ሸዋ ሲገባ ቀረጥ የሚከፍልባት ገበያ ነበረች። ኬላ ላይ የቆመ ሰው ጭነቱን ሁሉ ከመፍታቱ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ከየት ነህ? ብላክሊስት፣ ማለትም የስፓም ላኪ ማሽኖች አድራሻ ዝርዝር፣ የሚሠራው ይህንኑ ነው። የኢሜይሉን ይዘት አያይም። የሚያየው ማን እንዳመጣው ነው።

ገና ከመነሻው አንድ ነገር ልበል። ሰዎች ስለ ብላክሊስት ሲያማርሩ «ዝርዝሩ ጥሩ ኢሜይል አገደብን» ይላሉ። አንዳንዴ እውነት ነው። እኔ እንደማየው ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የዝርዝሩ አይደለም፤ የአጠያየቃችን ነው። በማን በኩል ጠየቅን? መቼ ጠየቅን? የመጣውን መልስ አነበብነው ወይስ «መልስ መጣ» ብለን ብቻ በሩን ዘጋን? የዛሬው ወሬዬ በሙሉ በዚህ ዙሪያ ነው።

በመጀመሪያ፣ አይፒ አድራሻ ላይ፣ ማለትም ማሽኑ ኢንተርኔት ላይ ባለው ቁጥር ላይ፣ ለምን እንተማመናለን? ኢሜይል ላይ «ላኪ» የሚለውን መስመር ማንም እንደፈለገ ይጽፈዋል። እኔ አሁን የሥራ አስኪያጃችሁን ስም ጽፌ ልልክ እችላለሁ። አይፒ ግን እንዲህ በቀላሉ አይዋሽም። ሁለት ሰርቨሮች ከመነጋገራቸው በፊት በቲሲፒ ሰላምታ መለዋወጥ አለባቸው። የውሸት አድራሻ ከሰጠኸኝ መልሴ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል፤ ወሬያችንም እዚያው ያበቃል። ስለዚህ በሬ ላይ ቆሞ ከሚያናግረኝ ማሽን ስለ ራሱ ማመን የምችለው ብቸኛ ነገር አይፒው ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ጥያቄውን ቀረብ ብለን እንየው። አንድ ማሽን ከ203.0.113.45 መጥቶ አንኳኳ እንበል። ይህ ለምሳሌ ተብሎ የተተወ አድራሻ ስለሆነ የማንም አይደለም፤ አትፈልጉት። ሰርቨራችሁ ቁጥሩን ይገለብጠዋል፤ 45.113.0.203 ይሆናል። ከኋላው የዝርዝሩን ስም ይቀጥላል። ለምሳሌ ስፓምሃውስ የተባለው ድርጅት ዝርዝር «ዜን ነጥብ ስፓምሃውስ ነጥብ ኦርግ» ነው። ከዚያ ይህን ረጅም ስም እንደ ማንኛውም የድረ ገጽ ስም ለዲኤንኤስ፣ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ ለሚተረጉመው ሥርዓት፣ ይሰጥና «አድራሻው ስንት ነው?» ይላል። «እንዲህ ያለ ስም የለም» ከተባለ፣ ያ ማሽን ዝርዝሩ ውስጥ የለም ማለት ነው። በ127 የሚጀምር አድራሻ ከተመለሰ ደግሞ ተመዝግቧል። በቃ ይኸው ነው። ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ መልሱም ካሽ ስለሚደረግ፣ ማለትም ለጊዜው ስለሚቀመጥ፣ ያው ማሽን ተመልሶ ሲያንኳኳ እንደገና መጠየቅ አያስፈልግም።

ለምን ይገለበጣል? ዲኤንኤስ ስም የሚያነበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ሰፊው በቀኝ፣ ጠባቡ በግራ ይቀመጣል። አይፒ ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ኔትወርኩ በግራ፣ ማሽኑ በቀኝ። ሲገለበጥ ሁለቱ ይገጥማሉ።

ዲኤንኤስን ለዚህ ሥራ ማዋል ብልህነት ነው እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1997 ፖል ቪክሲ ማፕስ በሚባለው ሥራቸው አርቢኤል የተባለውን ዝርዝር ሲጀምሩ ስርጭቱ በቢጂፒ፣ ማለትም ራውተሮች የትራፊክ መንገድ በሚነጋገሩበት ቋንቋ፣ ነበር። በዚያ መንገድ የተመዘገበ ኔትወርክ ኢሜይሉ ብቻ ሳይሆን ትራፊኩ በሙሉ ይቆረጥ ነበር። ከባድ ዱላ ነው። በዲኤንኤስ ሲሆን ግን ማንኛውም ትንሽ ሰርቨር ለብቻው ጠይቆ ለብቻው ይወስናል። አሠራሩ ብዙ ዓመት በልማድ ሲሠራበት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2010 አርኤፍሲ 5782 በተባለው የኢንተርኔት አሠራር ሰነድ ላይ ተጻፈ። ከዚያ ሰነድ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ በአይፒ የሚሠራ ዝርዝር ሁሉ 127.0.0.2ን «አለ»፣ 127.0.0.1ን «የለም» ማለት አለበት። በኋላ እንመለስበታለን።

መልሱን ወደ ማንበብ እንሂድ። የስፓምሃውስ ዜን ብዙ ዝርዝሮችን በአንድ ላይ የያዘ ነው። የትኛው ውስጥ እንደተገኘ የሚነግረን የመጨረሻው ቁጥር ነው። 127.0.0.2 ከሆነ ኤስቢኤል ነው፤ ስፓም ላኪ መሆኑ ታውቆ የተመዘገበ። በ3 ካለቀ ሲኤስኤስ ነው፤ እሱም የስፓም ላኪዎች ዝርዝር ነው። ከ4 እስከ 7 ኤክስቢኤል ነው፤ በቫይረስ የተያዘ ወይም የተጠለፈ ማሽን። ባለቤቱ ምንም ላያውቅ ይችላል። 10 እና 11 ፒቢኤል ነው። ፒቢኤል ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል።

ፒቢኤል ውስጥ መግባት ወንጀል አይደለም። «ይህ አይፒ የቤት ኢንተርኔት ወይም የሞባይል ዳታ ነው፤ ከዚህ በቀጥታ ወደ ሌላ ሰው ሜይል ሰርቨር ኢሜይል መላክ አይጠበቅም» ማለት ብቻ ነው። ትክክል ነው። ቤት ያለ ላፕቶፕ ፖርት 25 ላይ መጥቶ ቢያንኳኳ ከጤና አይደለም።

አሁን አንድ የኮሌጅ መምህር እናስብ። ቅዳሜ ሸዋ ሮቢት ወርዷል። ስልኩ ላይ ዳታ ከፍቶ፣ በኮሌጁ ኢሜይል የተማሪ ውጤት ለሬጅስትራር ሊልክ ነው። የስልኩ አይፒ ፒቢኤል ውስጥ አለ፤ መኖርም አለበት። ፓስወርዱን በትክክል አስገብቷል። ሰርቨሩ ግን መጀመሪያ ብላክሊስቱን ጠይቆ «ታግደሃል» ይለዋል። መምህሩ ሰኞ ተመልሶ አይቲ ክፍል ይገባና የሚለውን ይላል። አይቲው ደግሞ «ብላክሊስት አይሠራም» ብሎ ነቅሎ ይጥለዋል።

ዝርዝሩ ምን አጠፋ? ምንም። የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ፖስትፊክስ ላይ የተቀባይ ገደቦቹን ስትጽፉ መስመሮቹ ከላይ ወደ ታች ነው የሚነበቡት። መጀመሪያ የራሳችሁን ኔትወርክ አሳልፉ። ቀጥሎ በፓስወርድ የገባን ሰው አሳልፉ። ቀጥሎ ለእናንተ ዶሜይን ያልሆነን ኢሜይል መልሱ፤ ይህ ከጎደለ ሰርቨራችሁ የማንም መላኪያ ይሆናል። ብላክሊስቱን መጠየቅ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከዚያም የተሻለው ሠራተኞቻችሁ በፖርት 587 ብቻ እንዲልኩ ማድረግ ነው። እዚያ ፓስወርድ ይጠየቃል እንጂ ብላክሊስት አይጠየቅም። ፖርት 25 ለሌሎች ሰርቨሮች ይቅር።

ሁለተኛው ነገር በማን በኩል እንደምትጠይቁ ነው። ከሁሉም በላይ ሰው የሚያስለቅሰው ይህ ነው። ብዙዎቻችን ሰርቨር ስንጭን ዲኤንኤስ ሲጠየቅ እጃችን ወዲያው 8.8.8.8 ይጽፋል። ይህ የጎግል የሕዝብ ሪዞልቨር ነው፤ የማንንም የዲኤንኤስ ጥያቄ ተቀብሎ መልስ የሚያመጣ ሰርቨር። ለማሰስ ጥሩ ነው። ለብላክሊስት ግን አይሆንም። ስፓምሃውስ ጥያቄ በብዛት ለማይልኩና ለንግድ ለማይጠቀሙ በነፃ ይመልሳል። በሕዝብ ሪዞልቨር በኩል ሲመጣ ግን ጠያቂው ማን እንደሆነ አያውቅም፤ የዓለም ጥያቄ ሁሉ የመጣው ከጎግል ነው። ስለዚህ «አለ» ወይም «የለም» አይልም። 127.255.255.254 ይላል። ትርጉሙ «በሕዝብ ሪዞልቨር በኩል አትጠይቀኝ» ነው።

የፖስትፊክስ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። የትኛውን ቁጥር እንደሚጠብቅ ካልነገራችሁት፣ ምንም አድራሻ ቢመጣ «ተመዝግቧል» ብሎ ይወስዳል። ያ የስህተት መልስም አድራሻ ነው። ውጤቱ? የሚመጣው ኢሜይል በሙሉ ይመለሳል። የስፓሙም፣ የሚኒስቴሩም፣ የባንኩም።

መድኃኒቱ ሁለት ነው፤ ሁለቱንም ውሰዱ። ሰርቨሩ ላይ አንባውንድ የሚባለውን ሪዞልቨር ጫኑ። ትንሽ ነው፣ ነፃ ነው፣ አሮጌ ማሽን ላይም ይሠራል። ወደ ሌላ ሪዞልቨር ሳያስተላልፍ ራሱ ከሥር ጀምሮ እንዲጠይቅ አድርጉት። በኢንተርኔት አቅራቢያችሁ ሪዞልቨር በኩል ብታስተላልፉትም ጥያቄያችሁ ከሌላው ደንበኛ ሁሉ ጥያቄ ጋር ስለሚደባለቅ ያው ነው። ከዚያ ፖስትፊክስ ላይ ከዝርዝሩ ስም ቀጥሎ እኩል ይሆናል ብላችሁ የምትቀበሉትን ቁጥር ጻፉ፦ ከ127.0.0.2 እስከ 127.0.0.11። ከዚህ ውጭ የመጣ መልስ እንደ መልስ አይቆጠርም።

ሦስተኛው፦ የምትጠይቁት አካል በሕይወት አለ? የሚያስቅ ይመስላል፤ አያስቅም። ኦአርዲቢ የሚባል ዝርዝር ነበር። በታኅሣሥ 2006 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ሰርቨሮች ግን ከአንድ ዓመት በላይ መጠየቃቸውን ቀጠሉ፤ ያዋቀራቸው ሰው ረስቷቸዋል። በመጋቢት 2008 ኦአርዲቢ ለሁሉም ጥያቄ «አለ» ማለት ጀመረ። በዓለም ዙሪያ ብዙ መሥሪያ ቤት በአንድ ቀን ኢሜይል አልገባ አለው። በጥር 2021 መጨረሻ ደግሞ የስፓምኮፕ ዶሜይን ሳይታደስ ጊዜው አለፈ። ስፓምኮፕ የታወቀና የተከበረ ዝርዝር ነው፤ አሁንም አለ። ዶሜይኑ ወደ መሸጫ ገጽ ሲዞር ለማንኛውም ስም አድራሻ ይመልስ ጀመር። ለጥቂት ጊዜ የዓለም አይፒ ሁሉ ስፓመር ሆነ። የሚጠብቁትን ቁጥር የጻፉ ሰርቨሮች ግን ምንም አልሆኑም፤ የመሸጫው ገጽ አድራሻ በ127 አይጀምርምና። ሶርብስ የሚባለው ዝርዝርም በ2024 ሰኔ ተዘግቷል። ከድሮ መመሪያ ገልብጣችሁ ከሆነ ፋይላችሁ ውስጥ ስሙን ፈልጉት፤ አታጡትም።

ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር አሁን ይጠቅማል። በየቀኑ ጠዋት ክሮን ላይ፣ ሥራን በሰዓቱ በሚያስጀምረው ፕሮግራም፣ ሁለት ጥያቄ አስቀምጡ። እያንዳንዱን ዝርዝር ስለ 127.0.0.2 ጠይቁት፤ «አለ» ማለት አለበት። «የለም» ካለ ሞቷል ወይም አጠያየቃችሁ ተበላሽቷል። ስለ 127.0.0.1 ጠይቁት፤ «የለም» ማለት አለበት። «አለ» ካለ አብዷል፤ ቶሎ አውጡት። ሁለት መስመር ስክሪፕት ነው።

አንዳንድ ሰው «እነዚህ ሰዎች ማን ፈራጅ አደረጋቸው?» ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ፍርድ ቤትም ደርሷል። ኢ360 የሚባል የአሜሪካ የኢሜይል ማስታወቂያ ድርጅት ለምን ዘረዘርከኝ ብሎ ስፓምሃውስን ኢሊኖይ ውስጥ ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ2006 ስፓምሃውስ ባልተከራከረበት 11.7 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደበት። ይግባኙ ቀጠለና በ2011 ገንዘቡ ወደ 3 ዶላር ወረደ። ሦስት ሚሊዮን አላልኩም፤ ሦስት ዶላር። ለእኔ ግን ከፍርዱ በላይ የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው። ዝርዝሩ ማንንም አያግድም። የሚያግደው እናንተ የጻፋችሁት መስመር ነው። አንድ ነጋዴ ደውሎ «ለምን አገዳችሁኝ?» ቢል «ስፓምሃውስ ነው» ማለት አያዋጣም።

ስለ ነጋዴ ካነሳን፣ ሰዎች ሁልጊዜ የሚከራከሩኝ ነገር አለ። «ከመመለስ ይልቅ ተቀብለን ጀንክ ፎልደር ውስጥ ብናስቀምጠውስ?» ይላሉ። ደግ ይመስላል። እስቲ አስቡት። የፋብሪካችሁ ግዥ ክፍል ፕሮፎርማ ጠይቋል። አዲስ አበባ ያለው አቅራቢ ሰርቨሩን ከብዙ ሰው ጋር ይጋራል፤ ጎረቤቱ ስፓም ልኮ አይፒው ተመዝግቧል። ጀንክ ውስጥ ካስገባችሁት አቅራቢው ደረሰልኝ ብሎ ይተኛል። ግዥ ክፍሉ ጀንክ አይከፍትም። ቀኑ ያልፋል። ከበር ከመለሳችሁት ግን 554 5.7.1 የሚል መልስ ይሰጠዋል፤ ከጎኑ የተመዘገበው አይፒና የዝርዝሩ ስም አለ። በ5 የሚጀምር ቁጥር «ቁርጥህን እወቅ» ነው፤ በ4 ቢጀምር «ቆይተህ ተመለስ» ይሆን ነበር። የአቅራቢው ሰርቨር ወዲያው ለባለቤቱ «አልደረሰም» ይለዋል። ሰውዬው ስልክ ያነሳል። ስለዚህ እኔ በአስተማማኝ ዝርዝር ከሆነ ከበር መመለሱን እመርጣለሁ። ተቀብሎ ዝም ብሎ መጣል ግን ነውር ነው፤ ከሁሉም የከፋ።

አስተማማኝነቱ ለሚያጠራጥር ዝርዝር ነጥብ መስጠት ይሻላል። ፖስትፊክስ ከ2.8 ጀምሮ ፖስትስክሪን የሚባል ነገር አለው፤ ከዋናው ሰርቨር ፊት ይቆማል። ለስፓምሃውስ 3 ነጥብ፣ ለስፓምኮፕ 2፣ ለሌላው 1 ትሰጣላችሁ። ድምሩ 3 ከደረሰ ይመለሳል። ጥሩ ስም ያላቸውን የሚዘረዝር ዲኤንኤስደብልዩኤል የሚባልም አለ፤ ለእሱ ከዜሮ በታች ነጥብ ትሰጡታላችሁ። አዲስ ዝርዝር ስትጨምሩ ደግሞ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ብቻ ሎግ ላይ፣ ማለትም በሰርቨሩ መዝገብ፣ እንዲጽፍ አድርጉት። ፖስትፊክስ ለዚህ አንድ ቃል አለው፤ «ዋርን ኢፍ ሪጀክት»። ሎጉን ለጥቂት ቀናት አንብቡት። ማንን ሊመልስ እንደነበረ ታያላችሁ።

ዝርዝር አታብዙ። ሃያ ዝርዝር የደረደረ ሰርቨር ሃያ ቦታ ሊሳሳት ይችላል። አንዱ ካልመለሰም እያንዳንዱ ኢሜይል እሱን ሲጠብቅ ይዘገያል።

ብላክሊስት የማይዘው ነገርም አለ። ከጂሜይል የመጣ ማጭበርበሪያ አይያዝም፤ የጎግልን አይፒ ማንም በቀላሉ አይዘረዝርም። እዚያ ላይ ይዘቱን የሚመረምር አርስፓምዲ ወይም ስፓምአሳሲን ያስፈልጋል። እነሱም በኢሜይሉ ውስጥ ያሉትን የሊንክ ዶሜይኖች ከሌሎች ብላክሊስቶች ይጠይቃሉ። እሱ ሌላ ቀን ይሁን።

ከአዳራሹ ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን ልጻፍ።

ከኋላ ወንበር አንድ ወንድም «እኛ ጋ ኔትወርክ ይቆራረጣል፤ ብላክሊስቱ ካልመለሰ ኢሜይል ይጠፋል ወይ?» አለ። አይጠፋም። ፖስትፊክስ መልስ ካጣ ሎግ ላይ ማስጠንቀቂያ ጽፎ እንዳልተመዘገበ ቆጥሮ ያሳልፋል። በዚያ ሰዓት ስፓም ሊገባ ይችላል እንጂ ጥሩው አይቀርም። መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ራሱ ቢዘጋም ላኪው ደጋግሞ ይሞክራል፤ የፖስትፊክስ የተለመደው ትዕግሥት 5 ቀን ነው።

አንዲት እህት ደግሞ «የታገድነው እኛ ብንሆንስ?» አለች። የዕለቱ ምርጥ ጥያቄ እሷ ናት። እህቴ፣ መጀመሪያ «አውጡኝ» ብለሽ አትጻፊ። ምክንያቱን ሳታጠፊ ብትወጪ ተመልሰሽ ትገቢያለሽ። የሰርቨሩን ወረፋ ክፈቺ፤ በሺዎች የሚቆጠር ኢሜይል ተደርድሮ ካገኘሽ ሎጉ ላይ በማን ስም እንደገባ ይታያል። ብዙ ጊዜ አንድ የሠራተኛ አካውንት ነው፤ ፓስወርዱ የራሱ ስምና 123 የሆነ። ቀይሪው፣ ወረፋውን አጽጂ፣ ከዚያ ዝርዝሩ ድረ ገጽ ላይ ገብተሽ ጠይቂ። ስፓምሃውስ ለማውጣት ገንዘብ አይጠይቅም፤ በስሙ ገንዘብ የጠየቀሽ ካለ አጭበርባሪ ነው። ወረፋው ንጹሕ ሆኖ ኤክስቢኤል ውስጥ ከገባሽ ደግሞ ነገሩ ሰርቨሩ ላይሆን ይችላል። የቢሮው ኮምፒውተሮች በሙሉ ከሰርቨሩ ጋር በአንድ አይፒ ነው የሚወጡት? እንግዲያው ከእነሱ አንዱ፣ ምናልባት ፍላሽ ሲለዋወጥበት የሚውለው፣ ቫይረስ ይዞ በራሱ ጊዜ ስፓም እየላከ ነው። ፋየርዎሉ ላይ ወደ ውጭ የሚወጣ ፖርት 25ን ከሜይል ሰርቨሩ በስተቀር ለሁሉም ዝጊው፤ ለመውጣት የሚሞክረውንም ሎግ ላይ እንዲጽፍ አድርጊ። የትኛው ኮምፒውተር እንደሆነ ሎጉ ራሱ ይነግርሻል።